አንዱን መደገፊያ ሁለት አድርገው ለቆጠሩልን ክቡር ኃላፊ

ለአረጋውያን መኖሪያ ቤቶች የጥራትና የደህንነት ምዘና ቢሮ
ለክቡር የቢሮው ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ጥልቅ ምስጋና ስለማቅረብ፣ እግረ መንገዴንም እህቴን እንዳልነጠቅ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ጉልበትዎ የጸና፣ ወገብዎ የቀና፣ የመታጠቢያ ቤትዎ ወለልም ደረቅ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኛ አያስቡ፤ ደህና መሆናችንን ቢሮዎ ባወጣው ሪፖርት ገጽ ሦስት ላይ አንብበን ተረድተናል።

ራሴን ላስተዋውቅ። ለሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የአለቆችን ደብዳቤ ስተይብ የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ። «ጉዳዩ በመጣራት ላይ ስለሆነ በትዕግሥት ይጠብቁ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ዓይኔን ጨፍኜ እመታታለሁ፤ ስለዚህ ለዚህ ደብዳቤ መልስ ለማዘጋጀት ጸሐፊዎ እንዳትደክም ብዬ ራሴ ተይቤ አያይዤዋለሁ፤ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።

የምኖረው ቢሮዎ ከሰባት ሳምንት በፊት መዝኖ «አንደኛ ደረጃ» ብሎ ባጸደቀው ቤት፣ ምድር ቤት፣ ክፍል አራት ውስጥ፣ ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ ቤቱም ከእኔ ሰምቶ እትዬ ይላታል። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ልብስ አጣቢዎች አለቃ ነበረች፤ ዛሬም አንሶላ ስታይ እንደ ዳኛ ነው የምታየው። ሁለታችንም ባሎቻችንን ከቀበርን በኋላ ተመካክረን፣ ሁለት አልጋ ያለው አንድ ክፍል ይዘን፣ እየተጨቃጨቅን በደስታ እንኖራለን። አሁን ይህን ጭቅጭቅ ሊያስቀሩብን ነው፤ እንዴት እንደሆነ በተራ ቁጥር አስረዳለሁ።

አንደኛ፤ መዛኞችዎን ከመላክዎ ከሁለት ሳምንት በፊት ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሰው በደብዳቤ ስላሳወቁ እናመሰግናለን። ሰው ቤት ሳይናገሩ ዘው ማለት ነውር መሆኑን የሚያውቅ መሥሪያ ቤት ማግኘት በዚህ ዘመን ቀላል አይደለም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ቤቱ ሽር ጉድ ሲል ሰነበተ፤ ግድግዳው ተቀባ፣ አንሶላው ተቀየረ፣ ለሁለት ዓመት ድምፁ የጠፋው የጥሪ ደወል ተጠገነ፣ የመመገቢያ አዳራሹ መሃል ደግሞ ፎቶ እስኪነሳ ድረስ እንዳንነካው የተነገረን የፍራፍሬ ቅርጫት ተቀመጠ። ከመዛኞችዎ አንዷ ደወሉን ስትጫን የቤቱ ረዳት በሦስት ሰከንድ ከተፍ አለች፤ ይህም «እጅግ ፈጣን ምላሽ» ተብሎ ተመዘገበ። ረዳቷ የቆመችው ከመዛኟ ጀርባ እንደነበር መጥቀስ ትንሽነት ስለሚሆንብኝ አልጠቅሰውም።

ሁለተኛ፤ የነዋሪዎች እርካታ መቶ በመቶ በመሆኑ እንኳን ደስ አለዎት። ሥራ አስኪያጃችን «እናንተ ዓይናችሁን አታድክሙ» ብለው የሃያ ሁለታችንንም መጠይቅ በአንድ እስክሪብቶ ሞልተውልናል። የክፍል ስድስቱ ጋሼ፣ ካረፉ አራት ወር ያለፋቸው ጡረተኛ ሾፌር፣ «በጣም ረክቻለሁ» የሚለው ላይ ራይት አድርገዋል። እርሳቸውስ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፤ ወደ መደገፊያው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታግሠው ያንብቡልኝ። ቤታችን ሁለት የጋራ መታጠቢያ ቤት አለው፤ አንዱ እኛ ያለንበት ምድር ቤት፣ ሌላው ጎብኚ ቤተሰብ የሚታየው አንደኛ ፎቅ ላይ። ምዘናው ሦስት ቀን ሲቀረው የእኛ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚያብለጨልጭ የእጅ መደገፊያ ብረት ተገጠመ። ክቡር ሆይ፣ እትዬ ምን ያህል እንደተደሰተች ብነግርዎት አያምኑኝም። ጠዋት ጠዋት እየዘፈነች መታጠብ ጀመረች፤ ድምፅዋ ደግሞ ጥሩ አይደለም። በምዘናው ዕለት መዛኞችዎ ብረቱን አይተው ራይት አድርገው ፎቶ አነሡ፤ ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ሻይ ጋበዟቸው። ሻዩ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ከሻዩ በኋላ ወደ አንደኛ ፎቅ ሲወጡ እዚያም መደገፊያ አገኙ፤ እዚያም ራይት አደረጉ፤ እዚያም ፎቶ አነሡ። ሪፖርቱ «ሁለት መታጠቢያ ቤት፣ ሁለት መደገፊያ» ይላል።

ሪፖርቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ መነጽሬን አድርጌ ሁለቱን ፎቶዎች አየሁ። ሁለቱም ብረቶች በቀኝ ጫፋቸው በኩል እንደ ጣት ጥፍር የታጠፈ አንድ ዓይነት ጭረት አላቸው። ሥራው ወጥነት ያለው በመሆኑ ሳላደንቅ አላለፍኩም። ቆይቶ ጥገናችን፣ ማለት የቤቱ ጥገና ሠራተኛ፣ እንባው እየመጣ ሁሉን ነገረን፤ መዛኞቹ ሻይ ሲጠጡ ብረቱን በካቻቪቴ ፈትቶ፣ በቱታው ውስጥ ሸጉጦ፣ አንድ እግሩን እንደ እንጨት እያደረቀ ደረጃውን ወጥቶ ላይ ገጠመው። ከመዛኞችዎ አንዱ ከሻዩ ወጣ ብሎ ደረጃው ላይ አግኝቶት «እግርህን ምን ነካህ? ሐኪም አይተሃል?» ብሎ እንደመከረውም ነግሮናል። ለሰው ጤና የሚያስብ ሠራተኛ ስላለዎት አመሰግናለሁ።

አራተኛ፤ በማግስቱ ጠዋት እትዬ ልትታጠብ ገባች። ፊቷን በሳሙና እንደሸፈነች፣ ሦስት ቀን ሙሉ የለመደችውን ብረት ለመያዝ እጇን ዘረጋች። የያዘችው አራት የብሎን ቀዳዳ ነው። እያነከስኩ ስደርስ ወለሉ ላይ ነበረች፤ የግራ እጇ አንጓ ተሰብሯል፤ እሷ ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ ፎጣ እንድጥልላት ነው። ክቡር ሆይ፣ ብረቱ ከመጀመሪያውም ባይገጠም ኖሮ እንደ ድሮዋ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ቀስ ብላ፣ ሰላም ትወጣ ነበር። እህቴን የጣላት የእርስዎ ምዘና ነው። ይህን በጨዋ ቋንቋ የምናገርበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የአደጋው መዝገብ ሲጻፍ ግን ነገሩ ተቃና። «መደገፊያ ስለመኖሩ በዋዜማው የተደረገው ምዘና ስለሚያረጋግጥ፣ አደጋው የደረሰው በነዋሪዋ የግል አቅም ማነስ ነው» ተባለ። እንግዲያስ ሌላ መደገፊያ ይገዛልን ብዬ አመለከትኩ። ሥራ አስኪያጃችን ሪፖርቱን አውጥተው አሳዩኝ፤ በሪፖርቱ መሠረት ሁለት መታጠቢያ ቤትና ሁለት መደገፊያ ስላለን፣ ሦስተኛ ለመግዛት ደንቡ አይፈቅድም። በሕይወቴ ብዙ ደብዳቤ ተይቤያለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን በእጄ አልፎ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ እትዬን በሳምንት ሁለት ቀን የቤቱ ረዳት ታጥባታለች። ልጅቷ መልካም ናት፤ አንድ ሰው ስምንት ደቂቃ ነው የሚደርሰው፣ እሷ ምን ታድርግ። እትዬ ግን ስትታጠብ ዓይኗን ትጨፍናለች። የሆስፒታል ሙሉ ልብስ ስታነጻ የኖረች ሴት እንደ ሳህን ስትታጠብ ማየት አልችልም፤ በሩ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ። ይኸው ደግሞ «ራሷን ችላ መታጠብ አትችልም» በሚል በዚህ ወር ሃያ አምስት ቀን ወደ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወደ ሙሉ ድጋፍ ክፍል እንድትዛወር ተወስኗል። እኔ ጉልበቴ ደረጃ አይወጣም፤ ሊፍቱም በምዘናው ዕለት ሠርቶ ከዚያ ወዲህ ዕረፍት ላይ ነው። በአጭሩ እኔና እህቴ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ላንተያይ ነው።

አቤት ልል ከእትዬ ጋር ወደ ቢሮዎ መጣሁ። አቀባበልዎ ግሩም ነው። ወንበሩ ለስላሳ ነው፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ስለተቀመጥኩበት በደንብ አውቀዋለሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሐሙስ ተመለሱ» ተባልን። እትዬ መጸዳጃ ቤት ስትጠይቅ ጥበቃው፣ ያሳደገው ሰው ይባረክና፣ ክንዷን ይዞ ወደ ሠራተኞች መታጠቢያ ቤት አደረሳት። ወዲያው ተመልሳ «ነይ፣ ነይ እይ!» ብላ ጎተተችኝ። ክቡር ሆይ፣ ምን ዓይነት መደገፊያ ነው ያለዎት! አራቱም ብሎኖች ግድግዳው ውስጥ የሰመጡ፣ ሁለታችን ተንጠላጥለን ብንወዛወዝበት የማይነቃነቅ፤ መነቃነቅ አለመነቃነቁንም አረጋግጠናል። ከሥሩ የማያዳልጥ ምንጣፍ፣ ከጎኑ መቀመጫ፣ ከላይ ሙቅ ውሃ። በዚህ ዕድሜያችን እንዲህ ያለ ነገር በዓይናችን ያሳየን ቢሮዎ ይባረክ።

ሐሙስ ተመለስን። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። እትዬ ግን ባዶ እጇን አልመጣችም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ፎጣ፣ ሳሙናና ቅያሪ ልብስ ይዛ ነበር፤ ለእኔም ትንፍሽ አላለችም። ገብታ ቆለፈች። ሃያ ደቂቃ ሆነ፣ ሠላሳ ሆነ፤ በሩ ላይ ሠራተኞችዎ ተሰለፉ። ከውስጥ ያ መጥፎ ድምፅዋ ሲዘፍን ሰማሁ። ጥበቃው አንኳኩቶ «እማማ፣ ሰላም ነዎት?» ቢላት፣ «ጀርባዬ ይቀረኛል ልጄ፣ ትንሽ ታገሠኝ» አለችው። በአርባኛው ደቂቃ ፀጉሯን በፎጣ ጠምጥማ፣ ፊቷ አብርቶ፣ ያለማንም እርዳታ፣ በዚያ ተሰብሮ በተጠገነ እጇ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። አልደብቅዎትም፣ ያን ለስላሳ ወንበርዎን በእንባ አራስኩት።

ስለዚህ «ራሷን ችላ መታጠብ አትችልም» ለሚለው ውሳኔ ማስረጃዬን አቀርባለሁ። ምስክሮቼ ጥበቃዎ፣ ተራ ሲጠብቁ የነበሩ ስድስት ሠራተኞችዎና ደረቅ ገብታ ርጥብ ስትወጣ የቀረጻት የኮሪደር ካሜራዎ ናቸው። የምለምነውም ሁለት ነገር ነው፤ ሪፖርቱ ላይ ከ«መደገፊያ» በፊት ያለችውን «ሁለት» የምትል ቃል «አንድ» ብለው ያርሙልኝ፣ እህቴንም ክፍል አራት ውስጥ ይተዉልኝ። ከሃያ አምስተኛው ቀን በፊት፣ እባክዎ። እርማቷ አንዲት ቃል ናት፤ እጅ ካጠረዎት እኔ መጥቼ እተይባታለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የምይዘው ብረት ቢጠፋ የእርስዎን እጀ ጠባብ ለመያዝ በተገደደ፣ ነገር ግን ባልቀነሰ አክብሮት፣ ከወገቤ ሳይሆን (እሱ አይታጠፍም) ከልቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የክፍል አራቷ ጡረተኛ ታይፒስት

ግልባጭ፦
ለሥራ አስኪያጃችን፣ ሻይ ሲጠጡ እንዲያነቡት
ለቢሮው ጥበቃ፣ ከምስጋና ጋር

ማሳሰቢያ፦ እትዬ ሳሙናዋንና ፎጣዋን ከቢሮዎ መታጠቢያ ቤት አልወሰደችም፤ መስቀያው ላይ ናቸው፤ እንዳይነሡባት አደራ። የፊታችን ሐሙስ ትመለሳለች። ወሬው በምድር ቤት ስለተዳረሰ ሌሎች ሰባት ሰዎችም ፎጣቸውን አጥፈው እየጠበቁ ነው፤ አንዱ ጋሼ ቀስ ብለው ነው የሚታጠቡት። ሙቅ ውሃው ለእርስዎም እንዲተርፍ ከፈለጉ በጠዋት ይግቡ።