በጓ ሳትወልድ

ለልጄ ለሬሐና፤ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ። እንዴት ነሽ? አከም ጅርታ? የአንካራው ብርድ እንዴት አደረገሽ? ባልሽ ኢብሮ ደህና ነው? ትንሿ ሚንሃስ ጥርስ አወጣች? እኔ አባትሽ የህያ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት። ስለ እህትሽ ስለ ሰብሪያ ግን ደህና ናት ብዬ አላስጽፍም፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም የእሷ ነገር ነው።

የምትጽፍልኝ ጣቢታ ናት፤ የኋላውን ክፍል የተከራየችው፣ ፋብሪካ የምትሠራው የወላይታ ልጅ። ፎቶ አንስታ በስልኳ ትልክልሻለች። ለምን አልደወለም እንዳትዪ። ስልኩን የምትይዝልኝ ሰብሪያ ናት፤ ጆሮዬ ስለከበደ ድምፁን ከፍ አድርጋ ነው የምታሰማኝ። እሷ ያልሰማችው ወሬ ከዚህ ቤት አይወጣም። ስለዚህ ተከራይ ክፍል ተደብቄ አስጽፋለሁ፤ በገዛ ቤቴ!

ነገሩ ካንቺ ነው የመጣው። ባለፈው ስትደውዪ፣ በምትሠሪበት ዩኒቨርሲቲ በበግ ላይ የሚያጠኑት ነገር እንዳለ ነገርሽን። ግልገሉ ገና ፍሬ ሳያክል፣ አለሁ፣ አታስወጪኝ ብሎ ለእናቱ የሚልክላት ነገር አለ አልሽ፤ ያ ነገር የሰውነትን ዘበኛ ያበርዳል አልሽ። የሰብሪያ በሽታ ደግሞ ሐኪሙ እንዳለው ዘበኛው አብዶ የገዛ ነርቯን እንደ ሌባ የሚቀጠቅጥበት ነው። በአይጥ ላይ ጥሩ ታየ፣ በጥቂት ሰዎችም ተሞከረ፣ መድኃኒት ግን ገና አልሆነም ብለሽም ነበር። እኔ ሰምቻለሁ። እሷ የሰማችው የመጨረሻ ቃልሽን፣ ተስፋ አለ ያልሽውን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆስፒታሉን ኪኒን ተወችው። ሆዴን ያገለባብጠኛል፣ የሬሐና መድኃኒት እስኪመጣ ልረፍ አለች። ግራ እግሯ እንደገና መጎተት ጀመረ። አጎትሽ ሀሰኖ ደግሞ አዛኝ ነኝ ብሎ እርጉዝ በግ እየጎተተ መጣ፤ ትታረድና ልጅቷ የእንሽርት ውሃውን ትጠጣ አለኝ። ሰብሪያም፣ አባ እረድልኝ አለችኝ።

እኔን! ዕድሜዬን በሙሉ በሰበታ ገበያ በግ ስሸጥ፣ የህያ እርጉዝ ለቢላ አይሰጥም ተብዬ ነው የኖርኩት። ሰዎች ከሆለታ ድረስ የማርቢያ በግ ፍለጋ ወደኔ የሚመጡት ለዚህ ነው። ሆዷን ከስር ገፋ ሳደርገው ግልገሉ መልሶ እጄን መታኝ፤ አራት ወር አልፏታል። አንቺ ያ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቅ ብሎ ይጠፋል ብለሻል። ይህን ብነግራቸው ሀሰኖ፣ ሽማግሌው በጓን ሊሸጣት ፈልጎ ነው ብሎ ሳቀ። በዚያ በወላለቀ ጥርሱ በኔ ይስቃል!

ልጅቷ ስታለቅስ ዋሸሁ። ሬሐና በጣቢታ ስልክ አግኝታኛለች፤ በጓ እንዳትነካ፣ ሳትወልድ መጥቼ መድኃኒቱን ራሴ ከበጓ እወስድላታለሁ፣ ኪኒኑን ላቋረጠ ሰው ግን መድኃኒቱ አይሠራም ብላለች አልኳት። በማግስቱ ኪኒኑን ዋጠች። ጣቢታ እዚህ ላይ እጇን አቁማ፣ ይሄንንም ልጻፈው ወይ አባባ ትለኛለች። ጻፊው ብያታለሁ፤ አላፈርኩበትም።

አሁን ግን መውጫ አጣሁ። ገበያ ብሄድ ሀሰኖ ቢላውን ይዞ ይገባል። ጁምዓ እንኳ የምሄደው በጓን ለጣቢታ አደራ ሰጥቼ ነው፤ ያውም ፈረቃዋ ከተመቸ። ሰብሪያ በየምሽቱ ግድግዳ ተደግፋ ወጥታ ለበጓ ፉርሽካ በእጇ ታበላታለች። መንገዱ ላይ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ቀና ትላለች፤ አንቺን ነው የምትጠብቀው። በጓ በገመድ ታስራለች፣ እህትሽ በእግሯ፣ እኔ በምላሴ። እውነቱን ብነግራት ከእጄ ኪኒን አትቀበልም። ዝም ብል በጓ ትወልዳለች፤ የዚያን ቀን ውሸቴ ምን ይዞ ይቆማል?

ስለዚህ አንቺ ደውዪላት። መድኃኒቱ የለም፣ መቼ እንደሚኖርም አላውቅም በያት። ለስለስ አታድርጊው። እኔ አልደወልኩም፣ የዋሸው አባ ነው በያት፤ በኔ ላይ ጣይው፣ ቁጣዋን እችለዋለሁ። ኪኒኑ ግን እግሯን ያቆይላታል፤ ሐኪሙ ፊቴ የተናገረው ነው፤ ይህንን ደጋግመሽ ንገሪያት። ከኔ አፍ አትሰማም፤ ካንቺ ትሰማለች። ተስፋ የሚለውን ቃል ለሌላ ቀን አስቀምጪው።

ለኢብሮ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሚንሃን ግንባሯን ሳሚልኝ። እናትሽ ሰላም ትልሻለች፤ በላክሽው ፎቶ ላይ ሬሐና ለምን ከሳች እያለች ሰው ታስቸግራለች። ሀሰኖም ሰላም ብሎሻል፤ ባይልም እንዳለ ቁጠሪው። ጣቢታ ጌታ ይባርክሽ ትላለች። ሰብሪያ ይህን ደብዳቤ አታውቅም፤ ሰላምታዋን ሳልጠይቃት ልኬልሻለሁ። ከቤቱ የቀረችው በጓ ናት። ደህና ናት። ዛሬ ጠዋት ስዳስሳት ግቷ ተወጥሯል፤ ፍጠኚ።

አባትሽ የህያ
ሰበታ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.