የቀለጠው ሽቦና የዘመሮ በጎች

ሰኞ

ይቺ መኪና ደግሞ ቆመች! ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጥተን ገና ግማሽ መንገድ እንኳ ሳንደርስ ሞተሩ ጸጥ። ሾፌራችን ጋሽ ደምሴ ኮፈኑን ከፍተው "ቤንዚኑ ውኃ አለበት" አሉ። ባለፈው ሳምንትም ያሉት ይህንኑ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ስትበርድ ተነሣች፤ ትንሽ ሄዳ እንደገና ቆመች። እየተነሣችና እየቆመች ተመለስን። የሳጥኑ በረዶ ሟሙቶ ሳያልቅ የበጎቹን ክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባሁ።

ልንከትብበት የነበረው ዘመሮ ላይ ሰዉ በጎቹን ሰብስቦ ሲጠብቀን ውሏል። የበግ ፈንጣጣ ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ገብቷል። ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ቀበሌው ስደውል ስልኩን ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ባለበግ ተቀበሉት። "ሁለት ሰዓት ነድቼ ነው ያመጣኋቸው። አሁን ምን ልበላቸው?" በጎቹን ማለታቸው ነው።

ሌላ መኪና የለንም። ያለችን ይቺው ናት።

ማክሰኞ

መካኒኩ መጣ። ካንዴላ ቀየረ። ፊልትሮ ጠረገ። የቤንዚን ፓምፑን ፈታ፣ መልሶ ገጠመ። አስነሣትና "ይኸው!" አለ። ሲበርዳትማ ሁልጊዜ ትሠራለች! የምትቆመው ስትሞቅ ነው ስለው "አንቺ የበግ ሐኪም አይደለሽ እንዴ?" አለኝ።

ነኝ። ለዚያ ነው የምነግረው። በሽተኛው መቼ እንደሚያመው ሳልጠይቅ መርፌ አላነሣም።

እሱ ሲሄድ ጋሽ ደምሴን "እስክትግል ድረስ እንዳታጠፏት" አልኳቸው። ኮፈኑ እንደተከፈተ ቆመን ጠበቅን። መጀመሪያ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ቀጥሎ ሞተሩ ጠፋ። በባትሪ መብራት ከኋላ በኩል ሳይ፣ ወደ አንዱ ሴንሰር የሚሄድ ቀጭን ሽቦ ማቀፊያው ተሰብሮ በጋለው የጭስ ቱቦ ላይ ተኝቷል። ሽፋኑ ቀልጦ ውስጡ ያሉት ሁለት ሽቦዎች ራቁታቸውን ተነካክተዋል። ከመኪናዋ ጋር የመጣውን መጽሐፍ አገላበጥኩ፤ ያ ሴንሰር የሞተሩን ዙር ካልነገረ ካንዴላው ላይ እሳት የሚባል ነገር አይኖርም።

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። "ይቺ ክር የምታህል ነገር ናት መኪና የምታቆመው?"

ሁለቱን ለያይቼ በፕላስተር ጠቀለልኳቸው። ዘመሮ ደውዬ "ነገ እንመጣለን" አልኩ። ኩራቴ!

ረቡዕ

ሞኝ ነኝ።

ከከተማው ወጥተን የመጀመሪያውን ዳገት ስንጨርስ ፕላስተሩ እንደ ሰም ቀለጠ። ሞተሩ ጠፋ። የሠራሁት ቁስሉን ጠቅልዬ መልሼ እሳቱ ላይ ማስተኛት ነው። ጋሽ ደምሴ እስክትበርድ እየጠበቁ፣ እያስነሡ ቤት አደረሱን። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወይዘሮ አስካለ በስልክ፦ "ልጄ፣ የማትመጡ ከሆነ አትመጡም በሉን። ሁለት ቀን ሙሉ ሣር ሳይቀምሱ ዋሉ። አንዷ ደግሞ ዛሬ ጆሮዋን ጥላለች።"

ጆሮዋን ጥላለች። የትኩሳት ምልክት ነው።

ሐሙስ

ሽቦ መበየድ የሚችለው ሬዲዮ ጠጋኙ ሰይፉ ብቻ ነው። ጠዋት ሄድን፤ መብራት የለም። አለቃዬ ሁለት ጊዜ ደውሎ "ሪፖርቱ ላይ ምን ልጻፍ?" አለኝ። የፈለግኸውን ጻፍ! (ይህን አላልኩትም።) መብራት የመጣው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ሰይፉ የኔን ፕላስተር በሁለት ጣቱ አንሥቶ አየና ጣለው። "የጠቆረው ሁሉ ይውጣ" ብሎ የተቃጠለውን ቆረጠ፣ አዲስ ሽቦ ቀጠለ፣ እያንዳንዱን በእርሳስ በየደ። ከዚያ የድሮ ካውያ ገመድ ገፈፈና እሳት የሚችለውን የጨርቅ ሽፋን አለበሰው። እኔ አልቋል ብዬ ነበር። ጋሽ ደምሴ ግን ከቆርቆሮ ማቀፊያ ቆርጠው ሽቦውን ከቱቦው አንድ ስንዝር አርቀው አሰሩት። "ካልነካው አይቀልጥም" አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ይህ ለማናችንም አልታየንም።

ያንን ዳገት ሦስት ጊዜ ወጣንበት፣ ወረድንበት። አልቆመችም። ዘመሮ ለመደወል አፈርኩ። ደወልኩ።

ዓርብ

ደረስን!

የጠበቀን ሰው ግን ጥቂት ነው። ሁለት ጊዜ ተታሎ ማን ይመጣል? ጋሽ ደምሴ የመኪናዋን ጥሩምባ እያስጮሁ በየመንደሩ ዞሩ። እስከ ስድስት ሰዓት ሜዳው ሞላ።

ወይዘሮ አስካለ ድምፃቸውን እንጂ መልካቸውን አላውቀውም ነበር፤ አጭር ሴት ናቸው። በጎቻቸውን አንድ በአንድ ራሳቸው ይዘው አስወጉ። ሁለቱን አላመጧቸውም። "ከንፈራቸው ላይ ፈንጣጣው ወጣባቸው። ለይቼ አስሬያቸዋለሁ" አሉኝ። ሰኞ ብንደርስላቸው ኖሮ ምናልባት ያንን ባልሰማሁ ነበር። ይቅርታ ልል ስጀምር "ይቺን ያዢልኝ" ብለው ግልገል አስታቀፉኝ።

"እነዚህስ ይተርፋሉ?"

"በሽታው ቀድሞ ካልገባባቸው ይተርፋሉ።" ከዚህ በላይ መናገር አልቻልኩም። አላውቅማ።

ግልገሏን ተቀበሉኝና "በሳምንቱ መጥተሽ ታዪልኛለሽ?" አሉኝ።

እመጣለሁ አልኳቸው። ትቆም ይሆን ብዬ ወደ መኪናዋ ዞሬ እንኳ አላየሁም።