ባዶውን የማይመለስ መኪና

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ትንሿስ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም በድዷ ነው የምትነክሰው? እኛ አንድ ሰው ከመጉደላችን በቀር ደህና ነን። እማዬም በርትታለች፤ እህል መቅመስ ጀምራለች። የምነግርሽ የምሥራች ስለሆነ ደስታዬ ከእጄ ቀድሞ እየሮጠ አስቸግሮኛል፤ ጽሕፈቴን ታገሺው።

በጠርሙስ ፋብሪካው አሮጌው እቶን ሊዘጋ ነው መባሉን እማዬ በስልክ ሳትነግርሽ አልቀረችም። አርጅቷል፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ ጭሱም በዛ ተባለ። እሱ ከተዘጋ ጠርሙስ የሚፈትሹት ሴቶች በሙሉ ወደ ቤት ነው፤ እማዬም አብራ። አባዬን ቀብረን ዓመት ሳይሞላው ይህ ሲመጣ እንቅልፍ አጣሁ።

ፋብሪካው ነዳጁ የት እንደሚባክን በመረጃ የምታጣራ አንዲት ባለሙያ አምጥቶ ነበር። ኮምፒውተር እያየች ስለምትናገር ሠራተኛው «ጠንቋይዋ» ይላታል። ከትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክበብ አንድ ረዳት ስትጠይቅ እጄን ያወጣሁት ከሁሉ ቀድሜ ነው። (ፈተናውን አልረሳሁትም፣ አትቆጪኝ።)

እዚያ የተጠራቀመው መረጃ ጉድ ነው! የበሩ ሚዛን እያንዳንዱ መኪና ሲወጣና ሲገባ ስንት እንደሚመዝን ይይዛል፤ እቶኑ የሚጠጣውም ነዳጅ በራሱ ይመዘገባል። ዓመታት ሙሉ ዞር ብሎ ያየው ሰው የለም። እሷ በመስመር ሥላ ስታሳየኝ፣ የነዳጁ መስመር ለጥ ብሎ ተኝቶ ይቆይና ድንገት ሽቅብ ይወጣል። በጥቅምት ምን ተፈጠረ ብላ ጠየቀችኝ።

እታለም፣ በጥቅምት የሆነውን እኔና አንቺ እናውቀዋለን።

ሐዘንተኛ ዝናቡም የሚዘንበው ለእሱ ይመስለዋል ብዬ ራሴን ገሠጽኩ። ግን አላስችል አለኝና አባዬ ይነዳው የነበረውን የጭነት መኪና ሚዛን ለብቻ እንድታወጣልኝ ለመንኳት። ሌሎቹ መኪኖች ጠርሙስ አድርሰው ባዷቸውን ይመለሳሉ። የአባዬ ግን ሲመለስም ከባድ ነበር! እስከ ጥቅምት ድረስ። ከዚያ ወዲህ መኪናውን የተረከበው ሾፌርም እንደ ሌሎቹ ሆነ።

ባዶ መኪና ወገቤን ያንገጫግጨዋል እያለ ከየለስላሳ ፋብሪካው የተሰበረ ጠርሙስ ለምኖ ጭኖ ይመጣ እንደነበር ትዝ ይልሻል? ሾፌሮቹ «ቆሻሻ ጎታች» ሲሉት፣ «እናንተ አየር ጫኑ፣ አየር ታሪፍ የለውም» ይላቸው ነበር። ስለ እቶን የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ያስታመመው ወገቡን ነው።

ነዳጁ የጨመረው ያ ስብርባሪ ስለቀረ ነው ስላት ባለሙያዋ ቶሎ አልተቀበለችኝም። ሁለት መስመር አብሮ ስለሄደ አንዱ ሌላውን ጎተተው ማለት አይደለም አለችኝና ወደ እቶኑ አለቃ ይዛኝ ሄደች። ጋሼ ሳቁብን፤ ስብርባሪ ከአሸዋ ቀድሞ እንደሚቀልጥ፣ አነስ ያለ እሳት እንደሚበቃው ማን ያጣዋል አሉ። ታዲያ ሲቀር ምነው ዝም አሉ ብትላቸው፣ ጥግ ላይ ተከምሮ ያገኙት ነበር እንጂ ማን እንደሚያመጣው ጠይቀው አያውቁም፤ ሲያልቅባቸው በአሸዋ ተኩት።

ከዚያ ለሙከራ ለሁለት ሳምንት መኪኖቹ ስብርባሪ ጭነው እንዲመለሱ አስፈቀደች። መስመሩ ወረደ! ዘልዬ ስነሳ ጉልበቴን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨሁት፤ አሁንም እንደበለዘ ነው። ደግሞ ነዳጁ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ከወንዙ ዳር የሚቆፈረው አሸዋ ይቀንሳል፣ ገደል የሚደፋው ስብርባሪ ይቀራል፣ ጭሱም ይሳሳል።

ዓርብ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ፊት ቀረብን። መስመሩ ለምን እንደታጠፈ እንድናገር እኔን አስነሣችኝ። እዚህ ጋ አባቴ ሞተ አልኩና የቀረውን በጥድፊያ ቀጠልኩ። ሥራ አስኪያጁ «ቀስ በል ልጄ፣ ጊዜ አለን» አሉኝ። ጨረስኩት። እቶኑ አይዘጋም እታለም! አንድም መኪና ባዶውን አይመለስም ተብሎ ተወሰነ። አባዬን አብዝቶ ይተርበው የነበረው ሾፌር ደጅ ላይ ጨብጦኝ፣ «አባትህ መቃብር ውስጥ ሆኖም አሸከመን!» እያለ ሲስቅ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

የአባዬ መኪና በሙከራው ጊዜ ጋራዥ ነበረች። ትናንት ወጥታ፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስብርባሪ ጭና ገባች። እማዬ ከሥራዋ ላይ ሆና የሞተሩን ድምፅና የጠርሙሱን ኳኳታ ስትሰማ፣ ሳታስበው ብድግ ብላ ወደ ግቢው ወጣች። ግማሽ መንገድ ላይ አስታወሰች፤ ቆመች። የምትመለስ መስሎኝ ነበር። አልተመለሰችም። መኪናዋ አጠገብ ሄዳ፣ ከአባዬ በኋላ የተረከባት ልጅ እግር ሾፌር እስኪወርድ ጠበቀችና «እንኳን በደህና ገባህ» አለችው።

ባለቤትሽን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። የትንሿን ሁለቱንም ጉንጮች ሳሚልኝ፤ ብትነክስሽም ታገሺያት። እማዬ በጣም ናፍቃሻለች፣ ወገብሽን ከብርድ ጠብቂ ብላሻለች። ታናሽ እህታችን ፎቶ ላኪልኝ እያለች ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥላ ይህን ታነባለች።

የሚወድሽና የሚናፍቅሽ ወንድምሽ

ከቤታችን፣ ማክሰኞ፣ ግንቦት 28 ቀን