ስለ ሄስተር እንዳልነግርህ የተባልኩት

ውድ ወንድሜ ዲጎሪ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የወርቅ ጉድጓዱ አቧራ ሳልህን አላባሰብህም? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። አባዬ «ሄስተር ደህና ናት፣ ቀለም እየተቀባች ነው ብለሽ ጻፊለት» ብሎኛል። እኔ ደግሞ ውሸት አይሆንልኝም። ሄስተር የለችም ወንድምዬ። ተቃጥላ ሰጠመች።

አያታችን በገዛ እጁ ጠርቦ የሠራት፣ በሚስቱ ስም የጠራት መርከብ! ዕድሜዋን ሙሉ እንጨትና ፖም አመላልሳ፣ በስተርጅናዋ የኖራ ጆንያ ተሸካሚ መሆኗ አንተንም ያናድድህ ነበር።

ባለፈው ወር በተነሣው ማዕበል ጎኗ ውሃ አስገባና ኖራው ይፈላ ጀመር። ጢሱ በየስንጥቁ ሲወጣ አባዬ እንደ ልማዳችን ጠብታ ውሃ ሳያስነካ የመጫኛ አፏን ዘጋ፣ ቀዳዳዋን ሁሉ በጭቃ መረገና ከወደቡ ራቅ አድርጎ መልህቅ ጣለ። ከዚያ ወዲያ ሥራው መጠበቅ ብቻ ነው፤ አየር ያጣ እሳት በራሱ ጊዜ ይሞታል። ከባሕሩ ዳር ያሉ እንግዳ ሰዎች «ውሃ ድፉባት እንጂ!» እያሉ ሲጮኹ፣ የአባዬ ረዳት ሽማግሌው ኤነስ «ኖራውን ያነደደው ውሃ አይደል እንዴ? ውሃማ እናንተ አናት ላይ ይደፋ!» እያለ ይሰድባቸው ነበር።

ጢሱ ጠፋ። ያን ሰሞን ነው «ለፀደይ እመጣለሁ፣ ከአባዬ ጋር በሄስተር እሠራለሁ» ያልክበት ደብዳቤ የደረሰን። አባዬ ልጅ ሆነ! ጭነቷን አራግፌ፣ አጥቤ ቀለም ልቀባት አለ። ኤነስ «ካፒቴን፣ ተው፤ ሆዷ ገና አልበረደም» ብሎ ቢለምነው፣ «ልጄ መጥቶ ጭቃ እንደተመረገች ያግኛት?» አለና አፏን ከፈተው። ነፋሱ እንደገባ እሳቱ ምሰሶዋ ጫፍ ድረስ ወጣ። ኤነስ ጎትቶ በጀልባ ባያወጣው ኖሮ አባታችንን ቀብረን ነበር። እጆቹ ክፉኛ ተቃጥለዋል።

ይህን የምጽፍልህ ጥፋቱን በራስህ ላይ እንድትጭን አይደለም፤ እንዲያ ብታስብ እቀየምሃለሁ። አባዬ የሚፈራው ሌላ ነው። «መርከቧ ከሌለች ምን ሊያደርግ ይመጣል?» ይላል። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ፈርቻለሁ። ከልጅነትህ ጀምሮ ከእኛ ይልቅ እሷን ነበር የምትወደው።

እማዬ ስምህን እየጠራች ትመርቅሃለች። ትንሿ ልጄ ፊቢ «ጥርሴን ነቀልኩ በይው» ብላለች። ኤነስ «ያ ሰነፍ ገመድ ማሰር እንዳይረሳ» ይልሃል። አባዬ ሰላምታ አልላከም። በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «የሚመጣበትን ጊዜ አልቀየረም አይደል?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው?

ታናሽ እህትህ ታምዚን
ፍሊንት ቤይ፣ ታዝማንያ
ኦገስት 11 ቀን 1904