ከበሩ ወዲያ የገፋው

ሐሙስ፣ ግንቦት 6፣ ሀራሙስ ሰፈር

ማዳም ከምሳ በኋላ እንደተኛች ልጇን ሂባቅን ፊዚክስ አስጠናኋት። አስራ ሁለተኛ መጨረሴን ካወቀች ወዲህ ፋታ አትሰጠኝም።

«አባዮ» አለችኝ፣ በሶማልኛ እህቴ ማለቷ ነው፣ «ሥራ እንዴት ኔጋቲቭ ይሆናል?»

በቃል ብነግራት አልገባትም። እንግዲያው በበር ላሳይሽ ብዬ እቃ ቤት አስገባኋትና እሷ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ ሆነን በሩን ገፋን። መጀመሪያ አሸነፍኳት። በሩ በገፋሁበት ስለሄደ የእኔ ሥራ ፖዘቲቭ፣ የእሷ ኔጋቲቭ ሆነ። ቀጥሎ ሆን ብዬ ላላሁላት። እየገፋሁት በሩ ወደ እኔ ሲመጣ ኔጋቲቩ የእኔ ሆነ። በሳቅ ፈረሰች።

ላብ አጥምቆኝ ስለነበር ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ እየጠበቀችኝ መስሎኝ ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁት። በሩ ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ነጠላ ጫማዬ ወለሉ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተተ።

«አንቺ! ይኼን ሁሉ ጉልበት ከየት አመጣሽው?»

«ምን?» አለች ሂባቅ ከኋላዬ። የውሃ ብርጭቆ ይዛ ከወጥ ቤት እየመጣች ነው።

እቃ ቤቱ መስኮት የለውም። ገብቼ አየሁ፤ ሩዝና ዘይት ብቻ ነው ያለው። ለማዳም ብነግራት አበደች ብላ ታባርረኛለች። ዝም ብል ደግሞ አልጋዬ ያለው ከእቃ ቤቱ ግድግዳ ጎን ነው።

ሂባቅ ደብተሯን ዘርግታ ጠየቀችኝ። «አባዮ፣ በሦስተኛው ግፊያ በሩ ወደ አንቺ ስለመጣ ያንቺ ኔጋቲቭ ነው፤ ገብቶኛል። ፖዘቲቩን የማን ብዬ ልጻፍ?»