ለክረምቱ ሥራ ዋስ የሆነኝ ሰው

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ አብዱራሕማን ሰይድ፣ ሐርቡ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። አባባ፣ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ከሱጁድ ሲነሱ ይይዝዎት የነበረው ተሻለዎት? ዓይንዎስ? ጠብታውን ጠዋትና ማታ ያደርጋሉ ወይስ እንደ ባለፈው «እንዳያልቅ» እያሉ ያስቀምጡታል? እማዬ እንዴት ናት፣ ደም ግፊቷን ትለካለች? ዝናቡስ ገባላችሁ? ማሽላው እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤናዬ ሙሉ ነው፤ የጎደለኝ የእማዬ እጅ ያለበት ምግብና የእርስዎ ቁጣ ብቻ ነው። ፈተናዬንም ጨርሻለሁ። ውጤቱ ገና ቢሆንም የማሳፍርዎት አይመስለኝም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ አውቃለሁ። ልነግርዎት ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ «ደህና ነሽ? በይ ካርድሽን አትጨርሺ» ብለው ዘጉብኝ። ደግሞም የያዝኩት ወሬ መሐል ላይ የሚቋረጥ አይደለም። እህቴ ዘኪያ፣ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና አደራሽን፣ ያልጣመሽን እየዘለልሽ እንዳታነቢ። አባባ ቢቆጡም ቀጥዪ።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልጀምር። ክረምቱን እቤት አሳልፋለሁ ብዬ ቃል ገብቼልዎት ነበር። ነገር ግን የሚመጣው ዓመት የመመረቂያዬ ነው፤ ለጽሑፉ ኮምፒውተር ያስፈልገኛል፤ ይህን ከእርስዎ ጡረታ ላይ ለመጠየቅ አፌ እምቢ አለኝ። የክረምት ሥራ ልፈልግ ብዬ የክፍል ጓደኛዬ የፍሬ ወላጆች ቤት፣ ሳሊተ ምሕረት ገባሁ። ከሆሳዕና የመጡ ጴንጤዎች ናቸው። እነሱ ሲዘምሩ እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ እኔ ስሰግድ እነሱ ቴሌቪዥኑን ይቀንሱልኛል። ስለ ሥጋው አያስቡ፤ የእኔ ሽሮ ለብቻው በተገዛ ድስት ነው የሚሠራው።

ሥራ ፍለጋው ቀላል አልነበረም። ከሳሊተ ምሕረት እስከ አትላስ ያልወጣሁት ፎቅ የለም። አንድ ምግብ ቤት ሻሽሽን አውልቀሽ ነው የምታስተናግጂው አለኝ፤ ወጥቼ ሄድኩ። አንድ ቤት ሻጭ ድርጅት ደግሞ ደመወዝ የለም፣ ስትሸጪ ኮሚሽን ታገኛለሽ ብሎ ስምንት ቀን ሙሉ በዝናብ ወረቀት ሲያስበትነኝ ሰነበተ። ቤቱን አልሸጥኩም፤ ጉንፋን ግን ገዛሁ።

በመጨረሻ አትላስ አካባቢ ያለ የሕክምና ዕቃ አስመጪ፣ መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ቆጥሮ ኮምፒውተር ላይ የሚመዘግብ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ለሁለት ወር እንደሚፈልግ ሰማሁ። ከተፈተንነው አሥራ አራት ልጆች ሁለት አለፍን፤ አንዷ እኔ ነኝ። ደመወዙ በወር ሃያ ሺህ ብር ነው። አዎ፣ ዘኪያ በትክክል ነው ያነበበችው። አሁን «ለተማሪ ይህን ያህል የሚከፍል ምን ፈልጎ ነው?» እያሉ ነው አይደል? እኔም ብዬ ነበር። የፍሬ አባት አቶ ላጲሶም ብለዋል። ራሳቸው አብረውኝ ሄደው መጋዘኑን፣ ሠራተኞቹን፣ መጸዳጃ ቤቱን ሳይቀር አይተው ነው የተመለሱት። ክፍያው የበዛው ዕቃው ውድ ስለሆነ ነው፤ የጫማ ካርቶን የምታህል ዕቃ የመኪና ዋጋ ታወጣለች።

ዕቃው ውድ በመሆኑ ግን ያለ ዋስ ማንንም አይቀጥሩም። ዋሱ እዚሁ ከተማ የሚኖር፣ ደመወዝተኛ ወይም ንግድ ፈቃድ ያለው ሰው መሆን አለበት። አቶ ላጲሶ ለእህታቸው ልጅ ዋስ ሆነዋልና ለሁለተኛ ሰው አይፈቀድላቸውም። እድላዊት የምትባለዋ የቅጥር ኃላፊ እስከ ዓርብ ካላመጣሽ ቦታውን ለተከታዩ እንሰጠዋለን አለችኝ። በዚህ ሁሉ ከተማ ደመወዝ ወይም ንግድ ፈቃድ ያለው ሌላ የማውቀው ሰው አንድ ብቻ ነው። ዘኪያ፣ እዚህ ላይ ለአባባ ውሃ ስጫቸው። ሰውየው አጎቴ ሙስአብ ነው።

በእናንተ መካከል ያለውን አላውቅም አልልም። ሹፌር ሆኖ ሊቀጠር ዋስ ቢያጣ ወደ ታላቅ ወንድሙ ወደ እርስዎ መጣ። እርስዎ ደግሞ ከዚያ በፊት ዋስ የሆኑለት ሰው ጠፍቶ ዓመት ሙሉ ከደመወዝዎ ሲቆረጥ ኖሮ ነበርና፣ ሁለተኛ ለማንም አልፈርምም ብለው ምለው ነበር። ለእሱም አልፈረሙም። ሥራው አመለጠው፣ ሐርቡን ለቆ ሄደ፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆድና ጀርባ ሆናችሁ። በአያቴ ቀብር ጊዜ እንኳ እሱ ከድንኳኑ አንድ ጥግ፣ እርስዎ ከሌላው ጥግ ነበራችሁ። እኔ ማንኛችሁ ጋ እንደምቀመጥ ጨንቆኝ በር ላይ ቆሜ ዋልኩ። ያን ቀን አንዳችሁም አላያችሁኝም።

እንግዲህ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። ላምበረት፣ መናኸሪያው አጠገብ ጎማና የሞተር ዘይት ይሸጣል። ስገባ አላወቀኝም፤ ምን ልታዘዝ አለኝ። ሀጀር ነኝ፣ የአብዱራሕማን ልጅ ስለው የያዘውን ጎማ ለቀቀው። ጎማው እየተንከባለለ አስፋልት ወጣ፤ ሚኒባሶቹ ጡሩምባቸውን አቀለጡት፤ እሱ ዞሮም አላየው። «ወንድሜ ምን ሆነ?» ነው ያለኝ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ደህና ናቸው ስለው እዚያው የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀመጠ። ጉዳዬን ስነግረው እንዲሰድበኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን «እስክሪብቶ አለሽ?» አለኝ። አባባ፣ አለቀስኩ፤ አልደብቅዎትም።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅጹ ላይ ከተቀጣሪዋ ጋር ያለዎት ዝምድና የሚል ቦታ አለ። እኔ ሳላይ «ልጄ ናት» ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞና ማኅተሙን መትቶ ሰጠኝ። እድላዊት ወረቀቱን አገላብጣ አይታ፣ የአንቺ አባት አብዱራሕማን፣ የዋሱ ስም ሙስአብ፣ ይሄ ሐሰተኛ ሰነድ ነው ብላ መለሰችልኝ። ቀኑ ደግሞ ራሱ ዓርብ ነበር። እየሮጥኩ ተመልሼ «የወንድም ልጅ» ብለህ አስተካክልልኝ ብለው እምቢ አለ። የወንድም ልጅ ልጅ ካልሆነች ምን ልትባል ነው፣ እኔ ውሸት አልጽፍም አለኝ። ይህን ግትርነት ከማን እንደወረሰው እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔ ስም አልጠራም።

ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ አትላስ መጣ። እድላዊት ፊት ቆሞ፣ ይህች ልጅ በአራት ዓመቷ ትኩሳት ሲጥላት አባቷ ለሥራ ደሴ ነበር፤ ቦርከና ሞልቶ መኪና አላሻግር ቢል በትከሻዬ ተሸክሜ አሻግሬ ሐኪም ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ ወረቀትሽ ይሄን የምጽፍበት ቦታ ካለው አሳዪኝ አላት። ቢሮው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያየን ጀመር። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እድላዊት ግን ሳቀች። አዲስ ቅጽ አውጥታ በገዛ እጇ «አጎት» ብላ ሞላችና አስፈረመችው። እሱም ፈርሞ ሲያበቃ ከፊርማው ሥር በደቃቅ ፊደል «ልጄ ናት» ብሎ ጨመረበት። እንዳላየች ሆና ፋይሉ ውስጥ ከተተችው።

ሰኞ ሥራ ጀመርኩ። ቀኑን ሙሉ ስቆጥር ውዬ ማታ የፍሬን ቤት ደረጃ እየቆጠርኩ እወጣለሁ። ሥራውን ወድጄዋለሁ፤ ሰዎቹም ጨዋ ናቸው። ነገር ግን ሳላስፈቅድዎት ወደ አጎቴ መሄዴ ጥፋት መሆኑን አላጣሁትም፤ ይቅር ይበሉኝ። ተዪው፣ ተመለሺ ካሉኝም ነገውኑ እመለሳለሁ። ብቻ አንድ ነገር ይስሙኝ። ያን ዓርብ በታክሲ ስንመለስ ስለ እርስዎ ክፉ ቃል አልወጣውም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ኖሮ እኔም አልፈርምም ነበር አለኝ። የከፋኝ አለመፈረሙ አይደለም፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ወንድሜ የት ወደቀ ብሎ አለመጠየቁ ነው፤ እኔም ብሆን አልጠየቅሁትም፣ ሁለታችንም ሞኞች ነን አለ። አላህ ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ፣ ዋስ ማጣቴ ለበጎ ሳይሆን አይቀርም።

እማዬን እጇንም ጉንጯንም ሳሚልኝ፣ ዘኪያ። ከደመወዜ መጀመሪያ የምገዛው የእሷን ነጠላ ጫማ ነው፤ ቁጥሯን ላኪልኝ። አንቺም ሒሳብ እንዳትሰንፊ፣ ሥራ የሚያስገኘው እሱ ነው። ለወንድም ጋሼ ሙነወር ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ሱቁ እንዴት ነው? ለጎረቤታችን ለእትዬ አለምም ሰላም በሉልኝ፤ የሰጡኝ በርበሬ ሳሊተ ምሕረትን አስነጥሷል።

አባባ፣ አንድ የቀረኝ አለ። ይህን ደብዳቤ ከዚህ አምጥቶ እቤት እንዲያደርስ ለሙነወር የሰጠው ሰው አጎቴ ሙስአብ ነው። ከላምበረት በመጀመሪያው መኪና ተሳፍሮ ይመጣል፤ ሳይጠራ ግን እቤት አይገባም። የሐርቡ መናኸሪያ በር ላይ ካለው ሻይ ቤት እስከ መግሪብ ሶላት እጠብቃለሁ፣ ካልጠራኝ አልቀየመውም፣ አድሬ እመለሳለሁ ብሎኛል። አሁን ዘኪያ ይህን ስታነብልዎት እዚያ ተቀምጧል። እባክዎ ሰው አይላኩበት። ከዘራዎን ይዘው እርስዎ ራስዎ ይሂዱለት።

ልጅዎ ሀጀር

አዲስ አበባ፣ ሳሊተ ምሕረት
ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.