ለእትዬ የማድሳት ጎጆ

መጋቢት 4
ዛሬም ቆርቆሮ ስቀጠቅጥ ዋልኩ። የዘይት ጣሳ እየቆረጥኩ፣ እየዘረጋሁ፣ ጣሪያው በተበሳበት ሁሉ መለጠፍ። አዲስ ለመግዛት አቅሙ የለኝም። ጎጆዋ የተጣፈ ሱሪ መሰለች። ትምሰል... ካላፈሰሰች ምን ቸገረኝ?

መጋቢት 9
አናጢው መጣ። ሰፈሩ "ሮኬት" ይለዋል፤ ሲሠራ ያየ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። አንድ መስኮት ለመክፈት ግማሽ ቀን ፈጀ።
"እማማ፣ ማነው እንዲህ የቸነከረው? ሁለተኛ እንዳይከፈት የማለ ሰው ነው።"
"እኔ እንጃ" አልኩት።
በዚህ ዕድሜዬ ለአናጢ እዋሻለሁ?

መጋቢት 10
ልጻፈው እንግዲህ። የቸነከርኩት እኔ ነኝ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ባሌ በተቀበረ በሦስተኛው ወር። እትዬ፣ የባሌ ታላቅ እህት፣ እዚህ ነበር የምትኖረው። በለቅሶው ላይ፣ በሰው ፊት፣ "አንቺ እኮ እንባ እንኳ አላፈሰስሽም" አለችኝ። ሰው ፊት ማልቀስ አልችልበትም... ቤቱ በስሜ ነው አልኩና አስወጣኋት። ለአንድ ቃል ብዬ። እኔም አልኖርኩበትም፤ መስኮቱን ቸንክሬ ከተማ ገባሁ።
አሁን የተከራየችው ክፍል በግንቦት መጨረሻ ይፈርሳል አሉ። መግቢያ የላትም። ጎጆዋ እስከዚያ ትደርስላት ይሆን?

መጋቢት 27
ወለሉን ብቻዬን ጨረስኩ። ጣውላው ከፈረሰ ሱቅ የተለቀመ፣ ሙያው ከመጽሐፍ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መርፌ አያስገባም። ኮራሁ።

ሚያዝያ 6
ሁለት ቀን ዘነበ። መስኮቱ ገና መስታወት የለው... ወለሉ እንደ ግመል ጀርባ ተነሥቷል።
ሮኬት ሳቁን ዋጠ። "እማማ፣ እንጨት ሲረጥብ ያብጣል። ግድግዳው ሥር የጣት ያህል ክፍተት ይተውለታል። መጽሐፉ አይልም?"
ይላል። ምዕራፍ አምስት ላይ። ዘልዬው ወደ ስድስት ሄጃለሁ።
"ምን አስቸኮለዎት?"
ነገርኩት። የመስኮቱንም ጭምር። አንድ የጎበጠ ሚስማር አቃንቶ ጨረሰ።
"እሳቸው ያውቃሉ?"
"አያውቁም።"
"ሰው ሳይጠየቅ ቤት ይሠራለታል?"


ሚያዝያ 19
እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ሦስት ጊዜ በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። በአራተኛው እሷው ከፈተችው፤ ውኃ የሞላ ሳፋ ይዛ። አርጅታለች።
"ምን ፈለግሽ?"
"እትዬ፣ ቤቱን እያደስኩት ነው። ይግቡበት።"
"የማንን ቤት?"
"የእርስዎን። ያኔ ክፉ ሠርቻለሁ።"
ውኃውን ደፋች። በሩን ዘጋች። ቀስ ብላ ነው የዘጋችው... ወይስ እኔ ነኝ እንደዚያ የመሰለኝ?

ሚያዝያ 30
ምንም ወሬ የለም። ወለሉን እንደገና አነጠፍን። መስታወት ገጠምን። እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ። የጠረግሁትን እጠርጋለሁ።

ግንቦት 12
መጣች። ሳትነግረኝ፣ ባዶ እጇን። ወለሉን በእግሯ ፈተነች። አልጋውን ተጭና አየችው።
"አንድ ነው እንዴ አልጋው?"
"ለእርስዎ ነው።"
"አንቺስ?"
"እኔ ከተማ ቤት አለኝ። እየመጣሁ እጠይቅዎታለሁ።"
"እዚህ ብቻዬን ከአይጥ ጋር ላወራ? ብቻዬን መቀመጥ ጠግቤያለሁ።"
"ይቅር ብለውኛል?"
"እሱን ገና አልጨረስኩም። አንቺ አልጋሽን ሥሪ።"

ግንቦት 13
ከሮኬት መጋዝ ተዋስኩ። ግን ቁመቴ ስንት ነው? ለራሴ ለክቼ አላውቅም። እትዬ ወለሉ ላይ አስተኝታ በገመድ ለካችኝ።
"ለሬሳ ሳጥን አይደለም፣ ዘና በይ። አትንቀሳቀሺ።"
አልተንቀሳቀስኩም።